እናትየዋ ከአውሽዊትዝ ተርፈው፣ ልጅየዋ ዳቦ የሚደብቁት ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐይፋ አንዲት ሴትዮ ቤት ነው የምሠራው። እናታቸው ናዚዎች አይሁዶችን ከጨፈጨፉበት ከአውሽዊትዝ ካምፕ የተረፉ ነበሩ፣ አሁን በሕይወት የሉም። እሳቸው የተወለዱት ግን ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ እስራኤል ነው፣ ተርበው አያውቁም። ፍሪዘሩ በዳቦ ጢም ብሏል፣ ቁም ሳጥን ውስጥም አገኛለሁ፣ የሻገተውን እንኳ ልጥል ስል ፊታቸው ልውጥ ይላል። ልጃቸው ስልክ ካላነሳማ ሞቷል ብለው ነው የሚያስቡት። ያላዩት ነገር እንዴት እንዲህ ያደርጋቸዋል? በዘር ይተላለፋል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

መልስ 1፦ የዘሩን ወሬ ቀስ ብለሽ ያዢው። ኒውዮርክ ያለችው ተመራማሪ ሬቸል የሁዳ ከሆሎኮስት (ከናዚዎቹ የአይሁድ ጭፍጨፋ) በተረፉ ሰዎችና በልጆቻቸው ላይ፣ ከጭንቀት ጋር በተያያዘ አንድ ጂን ዙሪያ ለውጥ አግኝታለች። ጋዜጣው ሁሉ «ሰቆቃ ይወረሳል» ብሎ ጮኸ። የተመረመሩት ግን 32 የተረፉና 22 ልጆች ብቻ ነበሩ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ልጆች ጤነኛ ሆነው ነው ያደጉት፣ ይሄን ማንም አያወራውም። እኔ የማምነው አስተዳደጉን ነው። እናቷ የወደቀ ፍርፋሪ በተንቀጠቀጠ እጅ ስትለቅም እያየች ያደገች ልጅ ሌላ ማብራሪያ ምን ያስፈልጋታል?

መልስ 2፦ ዝምታውንም ጨምሩበት። ያኔ እስራኤል ውስጥ የተረፉት ብዙም አያወሩም ነበር፣ «ለምን እንደ በግ ተነዳችሁ?» የሚላቸው ሰው ነበር እኮ! እ.ኤ.አ. በ1961 ጭፍጨፋውን ካቀናጁት የናዚ ባለሥልጣናት አንዱ የነበረው የአይክማን ችሎት በሬዲዮ ሲተላለፍ ነው ብዙ ሰው ጎረቤቱ ያየውን የሰማው። ልጆቹ ደግሞ በተገደለ አያት ወይም አጎት ስም ይጠራሉ፣ ሰውየው ማን እንደነበረ ግን መጠየቅ አይደፍሩም።

መልስ 3፦ ማወዳደሬ አይደለም፣ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ በመንግሥት እቅድ መጨፍጨፍ ሌላ ነገር ነው። ግን ዝምታውን አውቀዋለሁ። እኛ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንመጣ ወደ 4,000 የሚሆን ሰው አልቋል፣ እናቴ እዚያ ስለቀበረችው ልጅ የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው፣ ያውም ከአክስቴ።

መልስ 4፦ እህቴ፣ ዳቦውን ደብቀሽ እንዳትጥዪ፣ ካወቁ አያምኑሽም። ጠይቂያቸውና አብራችሁ ለዩት። አምኻ የሚባለው ድርጅት የተረፉትን ብቻ ሳይሆን ልጆቻቸውንም ያማክራል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አምኻን ለልጃቸው እነግረዋለሁ፣ እሳቸውማ «እኔ ምን ሆንኩ?» ነው የሚሉኝ።