«ትረስት» የአባትየው ፊልም ነው ወይስ የልጅቷ? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዛሬ የመረጥነው «ትረስት» የተባለውን የአሜሪካ ድራማ ነው። በኢንተርኔት ልጆችን ስለሚያጠምዱ ሰዎች፣ ከዚያም በኋላ አንድ ቤተሰብ ላይ ስለሚወርደው መከራ ይተርካል። መጨረሻውንም ስለምናወራ፣ ሳይነገራችሁ ማየት የምትፈልጉ ቀድማችሁ እዩት።

ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አኒ ቺካጎ አጠገብ ከቤተሰቧ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። 14 ዓመት ሲሞላት ላፕቶፕ በስጦታ ታገኛለች። ቻርሊ ከሚባል ልጅ ጋር በቻት ይግባባሉ፤ ወሬያቸው ስለ መረብ ኳስ ነው። ዕድሜዬ 16 ነው ይላታል። ቆየት ብሎ 20 ይሆናል። ከዚያ 25። በአካል ሲገናኙ ደግሞ ከዚያም በብዙ የሚበልጥ ጎልማሳ ነው። ሞቴል ወስዶ ይደፍራታል። ነገሩ ፖሊስ ጋ ሲደርስ አኒ «ይወደኛል» ብላ ትሟገትለታለች። አባቷ ዊል ግን ከበቀል ሌላ አይታየውም።

ዳይሬክተሩ «ፍሬንድስ» ከተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ የምናውቀው ዴቪድ ሽዊመር ነው። ፊልሙ በ2010 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ፌስቲቫል ታየ፤ በ2011 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወጣ። ሃያሲያን አንድ ቃል አልሆኑበትም። ሮጀር ኢበርት ሙሉ አራት ኮከብ ሰጠው። ሌሎች ትወናውን አድንቀው፣ ሥራው ግን ለትምህርት የተሠራ የቴሌቪዥን ፊልም ይመስላል አሉ። የአባትየው በቀል የልጅቷን ታሪክ ሸፈነው የሚሉም ነበሩ። እንግዲህ ፊልሙ የማን ነው? ወቀሳውስ ተገቢ ነው?

የፊልም ተማሪው፦
ወቀሳው ተገቢ ነው እላለሁ። የመጀመሪያውን አንድ ሦስተኛ እዩት። ካሜራው አኒን አይለቅም። ስልኳ ሲጮህ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ፣ ዕድሜው እንደገና ሲጨምር እንዴት እንደምታኮርፍ፣ ከዚያም ራሷን አሳምና እንዴት እንደምትመለስ እናያለን። አኒን የምትጫወተው ሊያና ሊቤራቶ በቺካጎ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይትነት የተሸለመችው በዚህ ነው። ስትጫወተው እሷም የዚያው ዕድሜ ልጅ ነበረች።

ከዚያ በኋላስ? ፊልሙ ዊልን ወደሚጫወተው ወደ ክላይቭ ኦወን ይዞራል። አባትየው ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ይፈጋል፣ በወሲብ ወንጀል የተመዘገቡ ሰዎችን ዝርዝር ያገላብጣል፣ ሽጉጥ በእጁ ይዞ በሐሳቡ ይበቀላል። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ቀረች። እኛም በር ላይ ቀረን።

የሥራው ጉዳይም አለ። ዊል የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። ድርጅቱ ወጣቶችን ገላቸው እንዲታይ አድርጎ ልብስ ይሸጥባቸዋል። መልእክቱ ገብቶናል፤ እንዲህ በጣት እየጠቆሙ ማሳየት ግን ተመልካችን መናቅ ነው። «የቴሌቪዥን ማስተማሪያ» ያሉት ሃያሲያን ይህንን ይመስለኛል የታዘቡት።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ በፍጹም አልስማማም። አባትየው የልጅቷን ታሪክ ሸፈነ ማለት ፊልሙ የሚከሰውን ነገር ፊልሙ ላይ መልሶ መለጠፍ ነው። ዊል የሚያጠፋው እኮ ይህንኑ ነው! ልጁ አልጋዋ ላይ ተኮራምታ እያለች እሱ የሚያስበው ስለ ሰውዬው ነው። የት ይኖራል? ምን ይመስላል? እንዴት ይገኛል? አንድም ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ በደንብ አላዳመጣትም።

የጨዋታውን ትዕይንት አስታውሱ። አኒ ከስንት ጭንቀት በኋላ ወደ መረብ ኳስ ሜዳ ተመልሳለች። ዊል ተመልካች መሐል አንድ ሰው ያያል። ከዝርዝሩ ላይ ያየው ወንጀለኛ ይመስለዋል። ዘሎ ይደበድበዋል። ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ በጓደኞቿ ፊት፣ በትምህርት ቤቷ ሁሉ ፊት፣ ሁለተኛ ተዋረደች። የመጀመሪያውን ውርደት ያደረሰባት ባዕድ ነው። ሁለተኛውን ያደረሰባት የሚወዳት አባቷ ነው። ይህን ለማሳየት ካሜራው አባትየውን መከተል ነበረበት።

አንድ አባት፦
እኔ ስለ ካሜራ አላውቅም። ሴት ልጅ አለችኝ። ዊል ያደረገውን ሁሉ አደርግ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ ኤፍ ቢ አይ ሰውዬውን ያዘው? አልያዘውም። ፊልሙ ሲያልቅ በነጻነት ይንቀሳቀሳል። ታዲያ አባት ቁጭ ብሎ ይይ? «ለምን ተቆጣ» እያሉ የሚጽፉ ሃያሲያን ልጅ አላቸው ወይ ያሰኛል። ፊልሙን ሳየው ያመመኝ ቁጣው ከንቱ መቅረቱ ነው።

የትምህርት ቤት አማካሪዋ፦
ወንድሜ፣ ቁጣህን ማንም አልነካብህም። እኔ ግን ከሁለታችሁም ትንሽ ለየት ያለ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። ፊልሙ እውነቱን ተናግሯል ወይ?

በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ በልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚያጠና ማዕከል አለ። ተመራማሪዎቹ በ2008 «አሜሪካን ሳይኮሎጂስት» መጽሔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ሽማግሌ ልጅ መስሎ ይቀርባል፣ ያታልላል፣ ይጠልፋል ነው። ያገኙት ግን ሌላ ነው። ከአጥቂዎቹ መካከል ታዳጊ ነኝ ብለው የዋሹት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ አዋቂ መሆናቸውን አልደበቁም። ልጆቹ ሰውዬው አዋቂ መሆኑን እያወቁ ሄደው አገኙት። ብዙዎቹም ከአንድ ጊዜ በላይ ተገናኙ። ፍቅር ነው ብለው ስላመኑ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ አንድ ቦታ ላይ የተለመደውን ፍርሃት ተከትሏል። ቻርሊ 16 ዓመቴ ነው ብሎ መጀመሩ የጥቂቶቹን መንገድ ነው የሚያሳየው። ወላጅ ከዚህ ተነስቶ «ልጄ ከአዋቂ ጋር እንደምታወራ ካወቀች ትሸሻለች» ብሎ ቢዝናና ተሳስቷል።

ዋናው ነገር ላይ ግን ፊልሙ ከብዙ ሃያሲያን ቀድሞ ገብቶታል። አኒ ትሟገትለታለች። ጓደኛዋ ለትምህርት ቤቱ ስትናገር የተቆጣችው በሰውዬው ላይ ሳይሆን በጓደኛዋ ላይ ነው። ይህ ያልተዋጠላቸው ተመልካቾች ነበሩ። «እንዲህ ሞኝ ትሆናለች እንዴ?» ይላሉ። ሞኝነት አይደለም። ዕድሜውን ደረጃ በደረጃ ሲያሳድገው ምን እየሠራ እንደነበር ልብ በሉ። 16 ያለው 20 ሲሆን ይቅር አለችው። 20 ያለው 25 ሲሆን እንደገና ይቅር አለችው። እያንዳንዱ ይቅርታ እሷን ወደ ምስጢሩ ያስገባታል። ሰውዬው ፊት ለፊቷ ሲቆም ጥላው መሄድ ማለት እስካሁን ያመነችውን ሁሉ መካድ ነው። ለዚህ ነው «ለምን አልሮጠችም?» የሚለው ጥያቄ ልጅን የሚያደቀው።

ቫዮላ ዴቪስ የምትጫወተው አማካሪ ጋ የሚሆነውን አስታውሱ። አኒ የምትሰበረው አባቷ ስለጮኸባት አይደለም፤ ፖሊስ ስለጠየቃትም አይደለም። ሰውዬው ሌሎች ልጆች ላይም ይህንኑ እንደፈጸመ ስታውቅ ነው። የመረጠኝ እኔን ብቻ ነው ብላ የያዘችው እምነት በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ያ ትዕይንት ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየዋለሁ። አማካሪዋ አትቸኩልም፣ አትገፋትም፣ ቃል አታቀብላትም። ሽዊመር በካሊፎርኒያ የተደፈሩ ሰዎችን በሚረዳ ፋውንዴሽን ቦርድ ውስጥ ለዓመታት አገልግሏል። ያ እዚህ ይታያል።

የፊልም ተማሪው፦
እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ለኔ ክርክር ይጠቅማል። የፊልሙ ጥንካሬ እዚያ ክፍል ውስጥ ከሆነ ለምን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሰጠው? ለአባትየው ሽጉጥ የተሰጠው ጊዜ ለዚያ ቢሰጥስ? ፊልም እውነት ስለተናገረ ብቻ ጥሩ ፊልም አይሆንም። ጥሩ ትምህርት ሊሆን ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ለማን ብለህ ነው የምትለየው? ዋናው ትምህርት ሰው ልብ ውስጥ የገባው በሊቤራቶ ፊት በኩል ነው። በራሪ ወረቀት ያንን አያደርግም።

የ17 ዓመቷ ተሳታፊ፦
አዋቂዎች ስትከራከሩ አንድ ነገር ዘላችኋል። በአሜሪካ ፊልሙ «አር» ነው የተባለው። ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ ሲኒማ ገብቶ አያየውም። ስለ 14 ዓመት ልጅ የተሠራ ፊልም ነው እኮ! የ14 ዓመት ልጆች ብቻቸውን ማየት ካልቻሉ ለማን ተሠራ?

ሌላም አለ። ስለ አባትየውና ስለ ሰውዬው ብዙ ተጻፈ። አኒ ራሷን ለማጥፋት የሞከረችው ግን መቼ ነው? የትምህርት ቤት ልጆች በስሟ የውሸት ገጽ ከፍተው ፎቶዋን ሲቀልዱበት ካየች በኋላ ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ሰውዬው ሩቅ ነው። እነሱ ግን ጠዋት ጠዋት የምታያቸው ናቸው። ክፉ የሚባለው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን የምትፈልጉ ይመስለኛል።

አንድ አባት፦
ልጄ፣ ያንን ክፍል እውነትም ዘልዬዋለሁ። አሁን ስትዪው ግን ይበልጥ ያስፈራኛል። አንዱን አሳድጄ ብይዘው እንኳ ሃያ የክፍል ጓደኛ ምን አደርጋለሁ?

የፊልም ተማሪው፦
ስለ ደረጃው አንድ ማስተካከያ። «አር» ማለት ክልክል ማለት አይደለም። ደረጃውን የሚሰጠው የፊልም ኢንዱስትሪው ራሱ ያቋቋመው ቦርድ ነው፤ መንግሥት አይደለም። ከወላጅ ጋር ከሆነ ይታያል። ለዚህ ፊልም ደግሞ ከወላጅ ጋር መታየቱ የተሻለ ነው እላለሁ።

የ17 ዓመቷ ተሳታፊ፦
የሞቴሉን ትዕይንት ከአባቴ ጎን ተቀምጬ? አልችልም። ብዙ ልጅ አይችልም። ጓደኞቼ ጋር ባየው እናወራበታለን። ከወላጅ ጋር ከሆነ ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳውን እያየን ነው የምንጨርሰው።

የትምህርት ቤት አማካሪዋ፦
ትክክል ነሽ። ወላጅ ለብቻው ቀድሞ ይየው፣ ልጅም ከእኩዮቿ ጋር በአዋቂ አወያይነት ትየው። ወሬው በኋላ ይመጣል።

ስለ መጨረሻው ግን ማንም ስላልተናገረ እኔ ልጀምር። ፊልሙ አልቆ ስሞች ሲወርዱ በቤት ካሜራ የተቀረጸ የሚመስል ቪዲዮ ይመጣል። ቻርሊ ነው። መምህር ነው። ሚስትና ልጅ አለው። ሰዎች ደስ ብሏቸው አብረውት ይስቃሉ። አንዳንዶች ይህንን ርካሽ ማስደንገጫ ብለውታል። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው። በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት የሚያደርሱት በአብዛኛው ልጁ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። የኢንተርኔት ባዕድ ጥቂቱ ክፍል ነው። ፊልሙ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ለአኒ ባዕድ የሆነው ሰው ሌላ ከተማ ውስጥ የአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ መምህር ነው።

የፊልም ተማሪው፦
በዚህ ከአንቺ ጋር ነኝ። ቅር የሚለኝ ቦታው ነው። ያን ያህል ከባድ ነገር ሰው ኮቱን እየለበሰ በሚወጣበት ሰዓት ይቀመጣል? ብዙ ተመልካች ሳያየው ሄዷል። ለዚያ ነው ፊልሙ ሚዛኑን ስቷል የምለው። ሽጉጡ መሐል ላይ ተቀመጠ፣ መምህሩ ጠርዝ ላይ።

አንድ አባት፦
እኔ አይቼዋለሁ። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። እሺ፣ ሁላችሁም ዊል ተሳስቷል ትላላችሁ። ታዲያ ምን ያድርግ? ይህንን ፊልሙም አልመለሰልኝ፣ ሃያሲያኑም አልመለሱልኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ፊልሙ በከፊል መልሶታል ወንድሜ። መጨረሻው አካባቢ ዊል መዋኛ ገንዳው ዳር ተቀምጦ ሳለ ልጁ ትመጣለች። ሊጠብቃት ባለመቻሉ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ ያለቅሳል። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ እሷ እያወራ ነው። ያ ከመጀመሪያው ሳምንት ቢደረግ ኖሮ ብዬ አዘንኩ።

የትምህርት ቤት አማካሪዋ፦
ተግባራዊውን ደግሞ እኔ ልበል። መልእክቶቹን አታጥፋ፤ ማስረጃ ናቸው። ሰውዬውን ራስህ አታናግር፣ ይደነግጥና ይሰወራል። ለፖሊስ ንገር። በአሜሪካ ለጠፉና ለተበዘበዙ ልጆች የቆመው ብሔራዊ ማዕከል ከ1998 ጀምሮ «ሳይበርቲፕላይን» የሚባል ጥቆማ መቀበያ አለው። ከሁሉም በፊት ግን ለልጅህ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም በላት። አንዴ ብለህ አትተው። ደጋግመህ በላት፤ የመጀመሪያውን አታምንህም።

የ17 ዓመቷ ተሳታፊ፦
እኔ አንድ ልጨምር። ስልኳን አይቀሟት። ብዙ ልጅ ዝም የሚለው ሰውዬውን ፈርቶ አይደለም። ለቤተሰብ ከተናገርኩ ስልኬ ይወሰዳል፣ ጓደኞቼን አጣለሁ፣ እኔ ነኝ የምቀጣው ብሎ ነው። ቀድሞ የተነገራት ልጅ ቀድማ ትናገራለች።

አንድ አባት፦
እሺ ልጄ። ዛሬ ማታ ስልክሽን አልወስድም እላታለሁ። እንደማልቆጣ ግን ቃል መግባት ይከብደኛል።