ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ለምትደግሱ፣ «ሲደመር ሲደመር» የምትለዋን ከቀብድ በፊት ጠይቁ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የታናሽ እህቴ መልስ ጥር ላይ ባሕር ዳር ነው። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ስለሆነ ሁሉንም የምጠያይቀው በስልክ ነው። መቶ ሃምሳ ሰው እንጠራለን። አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል በሰው 1,000 ብር «ሲደመር ሲደመር» አለኝ፤ አንድ ምግብ አቅራቢ ደግሞ 1,200 ብር «ሁሉን ያካተተ» አለኝ። አባቴ «ሺውን ያዢ» ይላሉ። ለአስተናጋጆች የሚሰጠው ጉርሻስ ከዚህ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ (ከሽምብጥ)

እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔም የወንድሜን ልጅ ምርቃት ስደግስ እንደ አባትሽ «ሺውን እንያዝ» ብዬ ነበርና ከገባሁበት ልንገርሽ።

«ሲደመር ሲደመር» የተባሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ በተለምዶ 10 በመቶ። ሁለተኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ 15 በመቶ። ብዙ ሰው ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ብሎ ያስባል፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። ሆቴሎች ታክሱን የሚያሰሉት የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ነው። 1,000 ብሩ መጀመሪያ 1,100 ይሆናል፤ የ1,100 15 በመቶ 165 ነው፤ ድምሩ 1,265 ብር። በመቶ ሃምሳ ሰው ስታበዢው 189,750 ብር ይመጣል። በአባትሽ ሒሳብ 150,000 ይዘሽ ከመጣሽ 39,750 ብር ይጎድልሻል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ከድግስ መሀል ተነስቶ የሚያበድር ሚዜ ደግሞ የለም።

ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲታይ ባለ 1,200ው ይረክሳል፤ 180,000 ብር ነው። ግን አትቸኩይ። «ሁሉን ያካተተ» የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ነው። ታክሱን አካቷል? ሳህንና ብርጭቆ አካቷል? አስተናጋጅ፣ ዕቃ አጣቢ፣ የጭነት መኪና? ደውለሽ አንድ በአንድ ጠይቂ፤ በቃል የተባለውንም በፕሮፎርማ እንዲልኩልሽ አድርጊ።

እኔን ያቃጠለኝ ደረሰኙ ነው። የሆቴሉን ስም አልጠራም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ እንግዳ ተሸኝቷል፤ የጣና ንፋስ የጠረጴዛውን ልብስ እያነሳ ይጥላል። ሒሳብ ሠራተኛው ረጅም ወረቀት ይዞ መጣ። የምግቡ ሒሳብ እንደተነጋገርነው ነው። ከሥር ግን ውሃው፣ ለስላሳው፣ ቢራው ላይ ሁሉ ያው 10 በመቶ ተደምሯል፤ በዚያ ላይ ታክሱ። ውላችን «ምግብ በሰው» ይላል፤ ስለ መጠጥ አንድ ቃል የለውም። ተከራከርሁ፤ ልጁ በትሕትና «ጋሼ፣ የቤቱ አሠራር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንቺ ግን ጠይቂ፦ የአገልግሎት ክፍያው የሚሰላው በምግቡ ላይ ብቻ ነው ወይስ በአዳራሹም፣ በመጠጡም፣ በድምፅ ማጉያውም ላይ?

አሁን ወደ ጉርሻው። የአገልግሎት ክፍያና ጉርሻ አንድ አይደሉም። የአገልግሎት ክፍያው ደረሰኝ ላይ ተጽፎ የሚመጣ፣ ቤቱ የሚሰበስበው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥረውም። ወደ ሠራተኛው እንዴት እንደሚደርስ የሚታወቀው ያንኑ ቤት ሲጠይቁት ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ቤት በወር ሰብስቦ ለቋሚ ሠራተኞቹ ያካፍላል። ችግሩ ትልቅ ድግስ ሲሆን ነው። በዚያ ምሽት ለአዳራሹ ኃላፊ ፖስታ ሰጥቼ «ለልጆቹ አካፍልልኝ» ብዬ በኩራት ወጣሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አንዱን አስተናጋጅ አገኘሁት፤ ወጥ የደፋበትን እንግዳ ሸሚዝ በሎሚና በውሃ ሲያሸው ያመሸ ልጅ ነው። «ደረሰህ?» ስለው ሳቀ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የቀን ነን» አለኝ። ለዚያ ምሽት ብቻ የተጠሩ ነበሩ፤ ከአገልግሎት ክፍያውም ከፖስታውም የደረሳቸው የለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አስቀድሜ «ስንቱ ቋሚ፣ ስንቱ የቀን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገንዘቡንም በየእጃቸው እሰጣለሁ፤ ጉርሻ ድሮም ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ በአማላጅ አይጎረስም። በጀት ስትይዢ ለቡፌ በሃያ እንግዳ አንድ አስተናጋጅ ብለሽ አስቢ፤ ለመቶ ሃምሳ ሰው ስምንት ይሆናሉ። አራት የወጥ ቤት ሰዎች፣ ሦስት ዕቃ አጣቢና ጥበቃ ጨምሪ፤ አሥራ አምስት ሰው። በሰው 300 ብር ብትይዢ 4,500 ብር ነው። ይህ የእኔ ልክ ነው፤ ሕግ የለውም። የአገልግሎት ክፍያ የከፈልሽበት ቤት ከሆነ መቀነስ ትችያለሽ፤ ማንም አይቀየምሽም። ገንዘቡን ዝርዝር አድርገሽ ያዢ፤ በድግስ ማግሥት መንዛሪ ፍለጋ መዞር ያሰለቻል።

ስለ ቦታው አጭር ልበል። እንደ ኩሪፍቱና ጣና ሆቴል ያሉት የሐይቅ ዳር ቤቶች ዕይታቸው ራሱ ግማሽ ድግስ ነው፤ ፎቶም ያምራል። ዋጋቸውን ግን ከእነሱው ጠይቂ፤ የሰው ወሬ ቶሎ ያረጃል። ለስልሳ ሰባ ሰው ሆቴል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከመቶ ሲያልፍ ምግብ አቅራቢ ወደ ግቢ ማስመጣት ያዋጣል።

መልስ (ከቀበሌ 14)

የኔ እህት፣ ድንኳኑን ማን ረሳው? መልስ ከሆነ እኔ ግቢ ውስጥ ድንኳን ጥለሽ፣ ወጥ ሠሪዎችን በቀን ተዋውለሽ፣ ዕቃውን ከዕድር ተውሰሽ ደግሺ እላለሁ። የአገልግሎት ክፍያ የለ፣ በሰው የሚባል ነገር የለ። ያልተጠራ ዘመድ ቢመጣ አንድ እንጀራ ጨምሮ ማስቀመጥ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ያልተጠራ አጎት 1,265 ብር ነው! ድካሙ ግን አለ፤ አልዋሽሽም። ሽንኩርቱ ብቻ ሁለት ቀን ያስለቅሳል። ለወጥ ሠሪዎቹም ከተዋዋልሽው በላይ ለየብቻቸው የምትሰጫት ትኑርሽ፤ ምግብ ቋጥሮ መሸኘትም ወግ ነው።

መልሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳይውል ተመልከቺ። ከዋለ የጾም ማዕዱን ዋጋ ለብቻ ጠይቂ፤ በፍስክ ዋጋ ሽሮ የበላ ሰው አውቃለሁ። አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ለቤተሰባችሁ እተወዋለሁ፤ ጣና ዳር ይህ ክርክር አያልቅም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ድንኳኑን እናቴ አልተቀበሉም፤ «ጉልበት የለኝም» ብለዋል። ባለ 1,200ውን ዛሬ ደውዬ ጠየቅሁት። ሳህን፣ አስተናጋጅ፣ መኪና ሁሉም አለበት። «ታክሱስ?» ስለው ትንሽ ዝም አለና «ደረሰኝ ከፈለጉ 15 በመቶ ይጨመራል፤ ካልፈለጉ ግን በ1,200 እንጨርሳለን» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ (ከሽምብጥ)

ይኸውልሽ! 1,200 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 1,380 ነው፤ በመቶ ሃምሳ ሰው 207,000 ብር። የረከሰው ቤት ከሆቴሉ በ17,250 ብር ተወደደ ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ የሚለውን እንቢ በዪ። ለታክሱ የተመዘገበ ድርጅት ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፤ ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ታክሱን ከአንቺ መሰብሰብ አይችልም፤ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን አሳየኝ በዪው። ሕጉን ብትተዪው እንኳ የራስሽን ነገር አስቢ። ግማሽ ቀብድ ከፍለሽ፣ ድግሱ ዕለት መቶ ሃያ ሰው የሚበቃ ምግብ ይዞ ቢመጣ በምን ትሟገቺዋለሽ?

አሁን ወደ ሆቴሉ ተመለሺና ተደራደሪ። ታክሱን ሊቀንሱልሽ አይችሉም፤ የመንግሥት ነው። የአገልግሎት ክፍያው ግን የቤቱ ነው፤ መነሻ ዋጋውም እንደዚሁ። ሥራ በበዛበት በጥር እሑድ ላይ እሺ ላይሉሽ ይችላሉ፤ በሥራ ቀን ከሆነ ጆሮ ይሰጡሻል። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ከውጭ የሚገባ መጠጥ ይፈቀዳል? በጠርሙስ ያስከፍላል? የአገልግሎት ክፍያው ከመጠጡ ላይ ይነሳልናል? አራተኛም ልጨምር፦ የመጨረሻ የሰው ቁጥር የሚሰጠው ድግሱ ስንት ቀን ሲቀረው ነው? መቶ ሃምሳ ብለሽ መቶ ሠላሳ ሰው ቢመጣ የምትከፍዪው የመቶ ሃምሳውን ነው። እኔ ብሆን መቶ አርባ እላለሁ፤ ትንሽ ቢያልፍ ይጨምሩልሻል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ጨረስን። መልሱ ማክሰኞ ነው። ጠላውንና የዘጌ ቡናውን ከቤት እናስገባለን፤ አያስከፍሉም። ቢራና ለስላሳ ከእነሱ ነው፤ በመጠጡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ እንዳይጨመር ተስማሙ፤ ውሉ ላይም ጻፉልኝ። መቶ አርባ ሰው፣ በ1,265፣ 177,100 ብር፤ ጉርሻዋን 4,500 ለብቻ አስቀምጫለሁ። የቀን አስተናጋጆች አምስት ናቸው፤ ጠየቅሁ። አባቴ ውሉን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ሺህ ነው ብለው አልነበር?» አሉኝ።