የክርስትና ቀሚሳችንን ጾል (የጀርመን ጉምሩክ) ያዘብኝ፤ ምን ላድርግ?

እናት ከካሰል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ ለእኔና ለልጄ ሁለት የሀበሻ ቀሚስ አሠርቼ ነበር። ክርስትናው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ትናንት ከጾል ደብዳቤ መጣ። ሻጯ እኔን ለመጥቀም ብላ ካርቶኑ ላይ «ስጦታ፣ 40 ዩሮ» ብላ ጽፋለች። እኔ የከፈልኩት 240 ነው፣ መላኪያው ሌላ 45። አሁን ኢንቮይስና የከፈልሽበትን ማስረጃ አምጪ ይሉኛል። ማን ነው የሚጠየቀው፣ እሷ ወይስ እኔ? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመጋዘኑ ልጅ፦
እህቴ አይዞሽ። ግን አስመጪዋ አንቺ ነሽ። ካርቶኑ ላይ ማንም ይጻፈው፣ ቀረጡን የምትከፍይውም መልስ የምትሰጪውም አንቺ ነሽ። ስጦታ የሚባለው ሰው ለሰው ያለ ክፍያ የሚልከው ነው፤ እሱም ነጻ የሚሆነው እስከ 45 ዩሮ ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ስጦታ አይባልም። እዚያ ሄደሽ «ስጦታ ነው» ካልሽ ውሸቱ ያንቺ ይሆናል፣ በሕግም ያስጠይቃል። እውነተኛውን ደረሰኝ ይዘሽ ሂጂ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። መላኪያው ይደመራል፣ 285። የልብስ ቀረጥ 12 በመቶ ነው፣ 34 ዩሮ ከ20። በዚያ ላይ 19 በመቶ ታክስ። በድምሩ ወደ 95 ዩሮ። ግን ቀረጡ ሊቀርልሽ ይችላል። ኢትዮጵያ ከጦር መሣሪያ በቀር ዕቃዋ ያለ ቀረጥ አውሮፓ ከሚገባላቸው አገሮች አንዷ ናት። ሻጯ ኢንቮይሱ ላይ ልብሱ ኢትዮጵያ መሠራቱን በደንቡ መሠረት መጻፍ አለባት። እስከ 6,000 ዩሮ ላለ ጭነት በላኪነት መመዝገብ አይጠበቅባትም። ያኔ ታክሱ ብቻ ይቀራል፣ 54 ዩሮ ገደማ።

ናፍቆት ሙኒክ፦
የኔን አስታወሳችሁኝ። እናቴ ለፋሲካ በኮረሪማ ያነጠረችውን ቅቤ ላከችልኝ። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በፖስታ እንደማይገባ አላወቅንም። ፊቴ ከፍተው ጣሉት። ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ልክ ጓዳችን። እዚያው አለቀስኩ። ማታ ደውላ «ጣፈጠሽ?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የመጋዘኑ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ። ቡና ከላከች ጥሬውን ትላክልሽ። የተቆላው ላይ ጀርመን በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 የቡና ግብር አላት፣ ጥሬው ላይ የለም። በስጦታ ግን ከ500 ግራም አይለፍ።

የኮልፌ ልጅ፦
ምን አደከማችሁ? በየሳምንቱ ሰው ይመጣ የለም እንዴ? በሰው ማስላክ ነው። ለቤተሰብ የቤት ኪራይ እንልካለን፣ ለወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንልካለን። ለአንድ ቀሚስ ደግሞ 95 ዩሮ! ስንት ወር አጠራቅማ ይሆናል ያሠራችው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ይሄን ምክር አትስጥ። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው የተፈቀደው 430 ዩሮ ለራሱና ለቤተሰቡ ዕቃ ወይም ለስጦታ ነው፣ ለሰው ሸቀጥ አይደለም። እኔ «በርበሬ ነው» ተብዬ የሰው ካርቶን ተሸክሜ መጣሁ። ሲከፈት ከሥሩ ጫት ወጣ። እዚህ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው። ልጆቼ ውጭ እየጠበቁኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ተመረመርኩ። የሰጠኝ ሰው ስልኩን ዘጋ።

የኮልፌ ልጅ፦
በጣም አዝናለሁ። ግን በአንድ ሰው ክፋት ሁላችንም ልንጠረጠር ነው? እርስ በርስ ካልተማመንን በስደት ምን ቀረን? እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው የአባቴን መድኃኒት ያደረሱልኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ጉዳዩ መተማመን አይደለም። ሻንጣው ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ከፍቼ አይቼ፣ ራሴ ካላሸግኩት አልይዝም። የእህቴም ቢሆን።

እናት ከካሰል፦
ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሻጯ ወረቀቱን አሁን ጽፋ ፎቶውን በስልክ ብትልክልኝ ይቀበሉኛል? ቀጠሮዬ ሐሙስ ጠዋት ነው።

የኮልፌ ልጅ፦
የእህትሽን ሻንጣ ከፍተሽ ትፈትሻለሽ? እኔ ይሄን ከምሰማ ይቅርብኝ።