ቁምስና ሲዘጋ፦ ቅዳሴ በስልክ፣ ቁርባንና ንስሐ

ወለተ ሐና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቁምስናችን (የካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) በኮሮና ምክንያት ለምእመናን ተዘግቷል። እማማ በቫይረሱ ታመው ለብቻቸው ክፍል ይዘዋል፤ ትንንሽ ልጆችም አሉ። ቅዳሴውን በስልክ ማየት ለእሑድ ይበቃል? ቁርባንስ እንዴት ይሆናል? የዘንድሮው የ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነውና በስልክ ንስሐ መግባት ይቻላል?

ካቴኪስቱ (የሃይማኖት አስተማሪው)፦
እኅቴ፣ በእሑዱ አትጨነቂ። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ (እምነቱን በተቆጠሩ አንቀጾች የሚያስተምረው መጽሐፍ) በቁጥር 2181 ሕመምንና ሕፃን መንከባከብን የመሳሰለ ከባድ ምክንያት ያለው ሰው ከእሑድ ቅዳሴ ግዴታ ነፃ እንደሆነ ያስተምራል። በሩ ሲዘጋማ ምን ይባላል! ስለዚህ ስልኩ ግዴታ መወጫ አይደለም፤ ለጸሎት የሚረዳ ነው። ቁጥር 2183 በዚህ ጊዜ በግል ወይም በቤተሰብ መጸለይን አጥብቆ ይመክራል።

የተቀዳውን ትታችሁ በቀጥታ የሚተላለፈውን ተከታተሉ። ስልኩን ከፍ ያለ ቦታ አቁሙት፤ ጥሪና መልእክት እንዳያቋርጠው ማሳወቂያውን ዝጉ። ለወንጌል ተነሡ፤ የሕዝቡን ተሰጥኦ (ለካህኑ የሚመለሰውን ቃል) ጮክ ብላችሁ መልሱ። ዝም ብሎ ማየት ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቡና ይቀርባል። ልጆች የግእዙን ሥርዓት ሙሉውን አይችሉትም፤ ከምስባኩ (ከወንጌል በፊት ከሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) እስከ ስብከቱ ይቀመጡ፣ ከዚያ ለ«አባታችን ሆይ» ይመለሱ።

ካህኑ ሲቆርቡ መንፈሳዊ ቁርባን አድርጉ። የቅዱስ አልፎንሶስ ሊጎሪ ጸሎት ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ጌታ በቅዱስ ቁርባን እንዳለ ማመን፣ ከሁሉ በላይ እንደምትወዱት መንገር፣ አሁን በምሥጢሩ ልትቀበሉት ስለማትችሉ በመንፈስ ወደ ልባችሁ እንዲመጣ መለመን፣ እንደ መጣ ቆጥሮ ከእርሱ ጋር መሆን። ቢያንስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም በሉ። አንዳንዶች ዳቦና ወይን ስክሪኑ ፊት ያስቀምጣሉ፤ አይቀደስም፣ ይቅር።

ፍሬምናጦስ፦
በስልክ ንስሐ የለም። ፍትሐት (ካህኑ ኃጢአትን የሚፈታበት ቃል) የሚሰጠው ተናዛዡ ካህኑ ፊት ሲገኝ ነው። ምክር ግን በስልክ መጠየቅ ይቻላል፤ ኃጢአት መዘርዘሩን ተዉት።

ካህን ሲታጣ ያለው መንገድ ፍጹም ጸጸት ነው (ትምህርተ ክርስቶስ፣ ቁጥር 1452)። የቫቲካኑ የንስሐ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት መጋቢት 11 ቀን 2012 ይህንኑ አስታውሷል። ኅሊናን መርምሮ፣ እግዚአብሔርን ከሁሉ በላይ ከመውደድ የተነሣ ማዘንና ይቅርታ መለመን፣ እንደተቻለም ወዲያው ለመናዘዝ መቁረጥ ነው። ከባድ ኃጢአት እንኳ በዚህ ይሰረያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። ሞትን ወይም ገሃነምን ፈርቶ ብቻ ማዘን ያለ ኑዛዜ አይበቃም። ሁለተኛው፣ በሽታው ሲያልፍ «ተሰርዮልኛል» ብሎ ሳይናዘዙ መቅረት ነው፤ የመናዘዝ ቁርጡ ከሌለ ጸጸቱ ራሱ ጎድሏል።

በዚያው ሰሞን ጽሕፈት ቤቱ ለወረርሽኙ ጊዜ ያወጣው ድንጋጌ ለታመሙና ለአስታማሚዎቻቸው ከኃጢአት የሚቀረው ቅጣት ሙሉ በሙሉ የሚሰረይበትን ጸጋ ፈቅዷል። ቅዳሴ በመገናኛ ብዙኃን መከታተል፣ የመቁጠሪያ ጸሎት ወይም ፍኖተ መስቀል (የክርስቶስን የመስቀል መንገድ የሚያስብ ጸሎት) ይቆጠራል። አቅም ላነሳቸው ጸሎተ ሃይማኖት፣ «አባታችን ሆይ»ና አንድ የእመቤታችን ልመና ይበቃል። ኑዛዜው፣ ቁርባኑና ለቅዱስ አባታችን (ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት) ሐሳብ መጸለዩ እንደተቻለ ይፈጸማል።

የጤና ባለሙያ፦
አንድ አደጋ ልጨምር። ሳኒታይዘር አልኮል ነው፤ ነበልባሉም በብርሃን አይታይም። እጅ ሳይደርቅ ሻማ አትለኩሱ፤ ጠርሙሱንም ከጸሎት ጠረጴዛው አርቁ። ከጸሎት በፊት ሳሙናና ውኃ ይሻላል።

መቁጠሪያ ለየሰው አንድ። የሌለው በአሥር ጣቱ ይቁጠር። የፕላስቲኩን በሳሙና እጠቡት። በረኪና ብረቱን ይበላዋል፤ የእንጨቱን ደግሞ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ያብጣል። ጸበሉን በጋራ ሳህን እጅ ከመንከር ከጠርሙስ ለየሰው ጠብ ማድረግ ነው። ከእማማ ጋር በስልክ ድምፅ ማጉያ ጸልዩ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው አምስቱን ምሥጢር (የመቁጠሪያ ጸሎቱን ክፍሎች) ትታችሁ አንዱን ብቻ፣ እናንተ መርታችሁ እሳቸው «አሜን» ይበሉ። ክፍላቸው ገብታችሁ አትዘምሩ፤ ዝማሬ ከንግግር የበለጠ ጠብታ ይረጫል።

ወለተ ሐና፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ ቀንዲል (የሕሙማን ቅባት) ቢጠይቁስ?

ፍሬምናጦስ፦
ራሳቸውን እስኪስቱ አትጠብቁ፤ አእምሯቸው ሳለ ይናዘዛሉ፣ ይቆርባሉ። ለቁምስናው ስትደውሉ በሽታው ኮሮና መሆኑን አትደብቁ፤ አባ ተዘጋጅተው ይምጡ። ከመድረሳቸው በፊት መስኮት ክፈቱ፣ ንጹሕ ጨርቅ የለበሰ ትንሽ ጠረጴዛ፣ መስቀልና ጥጥ አቅርቡ። ከባድ ምክንያት ሲኖር ካህኑ በእጅ ፈንታ በመሣሪያ መቀባት ይችላሉ፤ ጥጥ ከተጠቀሙ በኋላ ይቃጠላል። ሲናዘዙ ሁላችሁም ውጡ፤ በሩ ይዘጋ።