የፍርድ ቤቱ አዲስ ደንብ እኔን ይመለከታል?

ሰላም፣ ካሊፎርኒያ ያላችሁ ሕግ የምታውቁ እርዱኝ። ያለ ጠበቃ ነው የምከራከረው። ኦገስት ላይ ማመልከቻ ላስገባ ስል የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «አዲሱ የፍርድ ቤታችን ደንብ ተጨማሪ ቅጽ ይጠይቃል» ብላ መለሰችብኝ። ደንቡ ግርጌ ላይ ለዳኝነት ምክር ቤቱ (የክፍለ ግዛቱን ፍርድ ቤቶች ለሚመራው አካል) የቀረበው ሜይ 20 ነው ይላል። የክፍለ ግዛቱ ሕግ፣ የመንግሥት ኮድ አንቀጽ 68071፣ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የሚጸናው ከቀረበበት 45ኛው ቀን በኋላ በሚመጣው ጃንዋሪ 1 ወይም ጁላይ 1 ነው ይላል። ስቆጥረው 45ኛው ቀን ጁላይ 4 ላይ ይወድቃል። ጁላይ 1 ደንቡን ለጥቂት አመለጠው! ታዲያ ደንቡ እስከ ጃንዋሪ አይጸናም ማለት አይደል? ወይስ ምክር ቤቱ ቀኑን ማሳጠር ይችላል? ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የምታውቁ አንቀጹን ጠቁሙኝ። ከሠራተኛዋ ጋር መጨቃጨቅ አልፈልግም፤ እሷም የታዘዘችውን ነው የምትሠራው።