ላፕቶፑ አርማውን አሳይቶ ይቆማል፤ በእርግጥ ሃርድ ዲስኩ ነው የሞተው?

የሽምብጧ መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ሲሆን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ እስካሁን ስሠራበት ቆይቻለሁ። ሻጩ በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስ 10 ከጫነልኝ ወዲህ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ባለፈው ዓርብ ማታ በሰፈራችን መብራት ጠፍቶ እሑድ ረፋድ ላይ ሲመጣ አበራሁት፤ ፋኑ ዞረ፣ የአምራቹም አርማ ወጣ፤ ከዚያ ግን ወደ ዊንዶውስ በመግባት ፈንታ በጥቁር ገጽ ላይ፣ በነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የሚያስነሣ ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት አሳይቶ ቆመ። ደጋግሜ አጥፍቼ ባበራውም ያው ነው።

ፔዳ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው መልእክቱን እንዳነበበ ሃርድ ዲስኩ እንደተቃጠለ፣ በአዲስ መቀየር እንዳለበትና በውስጡ የነበረውም እንደማይገኝ ነገረኝ። እኔን ያስጨነቀኝ የዲስኩ ዋጋ ሳይሆን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ውጤትና ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስጽፈው የቆየሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ምዕራፎች እዚያ ውስጥ መሆናቸው ነው። ሌላ ቅጂ አለመያዜ የራሴ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁና በዚህ አትገሥጹኝ።

ይጠቅም እንደሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። ዋናው ባትሪ አብጦ ክዳኑን መግፋት ስለጀመረ ከአንድ ወር በፊት አውጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የምሠራው በቻርጀር ብቻ ነው። ሰዓቱም ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ስለሚዛባ ከስልኬ እያየሁ አስተካክለው ነበር፤ ይህኛው ግን ከችግሩ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም። ለአዲሱ ዲስክ ከመክፈሌ በፊት ራሴ ልሞክረው የምችለው ነገር ይኖራል?

አባይ ማዶ፦

እኅቴ፣ አይዞሽ። ቻርጀሩን ነቅለሽ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢው። ካልሆነ የታችኛውን ክዳን ከፍተሽ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻ የሆነውን ቀጭን ሰሌዳ) አውጪና ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ጠርገሽ መልሺው። የእኔ ላፕቶፕ ባለፈው ክረምት ጨርሶ አልነሣ ብሎኝ የዳነው በዚህ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር እርጥበቱ ጥርሱን ያዝገዋል።

የድሮ ጠጋኝ፦

የአባይ ማዶው ወንድማችን ምክር ትክክለኛ ቢሆንም የሚያገለግለው ለሌላ ዓይነት ሕመም ነው። ላፕቶፕ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ (ዋናው የውስጥ ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠው ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እርሱም ራሙን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ፈትሾ ሲያበቃ አርማውን ያሳያል፣ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ መፈለግ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። ራሙ ችግር ቢኖርበት ኖሮ በአብዛኛው ስክሪኑ እንደጨለመ ይቀር ወይም ማሽኑ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኽ ነበር። የእርስዎ ላፕቶፕ አርማውን ካሳየና ጽሑፍ ከጻፈ ግን ያንን ሁሉ አልፏል፤ የተሰናከለው የመጨረሻው ደጃፍ ላይ ነው።

ዲስክ አልተገኘም የሚለው መልእክት ደግሞ ዲስኩ ሞቷል ማለት ብቻ አይደለም። በእርግጥ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ማገናኛው ላልቶም ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ደኅና ሆኖ ባዮሱ በተሳሳተ መንገድ እየፈለገውም ሊሆን ይችላል። ይህ ሦስተኛው የጎረቤትን በር አንኳኩቶ ሰው የለም ብሎ እንደመመለስ ነው። ሦስቱም በስክሪን ላይ የሚያሳዩት ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ መልእክቱን ብቻ አይቶ ዲስኩ ተቃጥሏል ማለት ችኮላ ነው።

ስለዚህ ገና ምንም ሳይከፍቱና ሳይፈቱ ወደ ባዮስ ይግቡ። ላፕቶፑን እንዳበሩ ወዲያውኑ የመግቢያውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። ሞዴሉን ስላልጻፉልን እንጂ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ እንደ ዓይነቱ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 ነው። ከገቡ በኋላ ሦስት ነገር ይመልከቱልኝ፦ ቀኑ ስንት ይላል፣ የዲስኩ ስምና መጠን ተጽፏል ወይስ ባዶ ነው፣ የማስነሻው ስልት ዩኢኤፍአይ (አዲሱ መንገድ) ነው ወይስ ሌጋሲ (የድሮው)። አንዳች ነገር ሳይቀይሩ ገጾቹን በስልክዎ ፎቶ ያንሷቸው። አይገናኝም ያሉት የሰዓቱ ነገር እኔን ከሁሉም በላይ አጠራጥሮኛል።

የሽምብጧ መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኤፍ 2 ገባሁ። የዲስኩ ስም ከረጅም ቁጥር ጋር ተጽፏል፤ መጠኑም 500 ጊጋባይት ይላል። የማስነሻው ስልት ዩኢኤፍአይ ነው፤ ከሥሩም ሴኪዩር ቡት የሚባለው በርቷል። ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ይላል። በነገራችን ላይ ሰዓቱ ሲዛባ ከዚህ በፊትም 2014 ሲል አይቼው ነበር፤ ላፕቶፑን የገዛሁት በእኛ አቆጣጠር በ2014 ስለሆነ የተገዛበትን ዓመት መዝግቦ የያዘ መስሎኝ ምንም ሳልጠረጥር ኖሬያለሁ።

የድሮ ጠጋኝ፦

ላፕቶፑ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፤ ያ ባዮሱ የማስታወስ ችሎታውን ሲያጣ የሚመለስበት የፋብሪካው ቀን ነው። ዲስኩ ስሙንና መጠኑን በትክክል መናገሩ ደግሞ ቢያንስ ጨርሶ እንዳልሞተ ያሳያል፤ የተቃጠለ ዲስክ በአብዛኛው ስሙ እንኳ አይወጣም።

የሆነው የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት የምታንስ ባትሪ አለች፤ ጠጋኞች ሲሞስ ባትሪ እንላታለን። ሥራዋ ላፕቶፑ ከመብራትም ከዋናውም ባትሪ ሲለይ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች መጠበቅ ነው። ይህች ባትሪ ከደከመች ቆይታለች፤ ሰዓቱ ይዛባ የነበረውም ለዚህ ነው። ዋናው ባትሪ በውስጡ ሳለ ድካሟን ይሸፍንላት ነበር። እርሱ ከወጣ በኋላም አጫጭር የመብራት መቆራረጦችን እንደምንም ተቋቁማለች፤ ከዓርብ እስከ እሑድ የዘለቀውን ግን አልቻለችውም። ባዮሱ ምርጫዎቹን ሁሉ ሲረሳ ወደ ፋብሪካው አቋም፣ ማለትም ወደ ዩኢኤፍአይ ተመለሰ። ላፕቶፑን የሸጠልዎት ሰው ዊንዶውስ 10ን የጫነው ግን በሌጋሲ ይመስላል፤ ያኔ ብዙዎች የሚጭኑበት ፍላሽ የተዘጋጀው በዚያ መንገድ ነበርና። በሌጋሲ የተጫነን ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚፈልግ ባዮስ ዲስኩን እያየው የሚያስነሣ ነገር የለውም ይላል።

አሁን ሴኪዩር ቡትን፣ ማለትም ያልታወቀ ፕሮግራም ላፕቶፑን እንዳያስነሣ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ ያጥፉት፤ በብዙ ላፕቶፖች ይህ ካልጠፋ የሌጋሲ ምርጫ አይከፈትም። ከዚያ የማስነሻውን ስልት ወደ ሌጋሲ ቀይረው፣ ሃርድ ዲስኩን ከተራው መጀመሪያ አድርገው፣ ቀኑንም አስተካክለው፣ መዝግበው ይውጡ። ዊንዶውስ መነሣት ጀምሮ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን መልሶ ካጠፋ፣ ሳታ የሚለውን፣ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን ስልት የሚወስነውን ክፍል ፈልገው ሬይድ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ኤኤችሲአይ ከሆነ ወደ ሬይድ ይቀይሩት፤ ይህም ባዮሱ ከሚረሳቸው ምርጫዎች አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ፎቶው አቋም ይመልሱትና ይንገሩን። በመካከሉ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫን ወይም ዲስኩን ፎርማት አድርግ የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ማንም ቢመክርዎት፣ እሺ እንዳይሉ፤ ሦስቱን ምዕራፎች በእርግጥ የሚያጠፋቸው እርሱ ነው።

ጣና ዳር የምሠራ፦

እኔ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ነኝ። ያለፈው አስተያየት ሰጪ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ጥገና ቤቱ የፈራው ዲስክ ጭራሽ ከጥርጣሬ ነጻ ነው ብዬ አላምንም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነና ዕድሜውም ከላፕቶፑ ጋር እኩል ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ዋናው ባትሪ ከወጣ ወዲህ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር በሥራ ላይ እያለ ድንገት ቆሟል። ስለዚህ ዊንዶውስ ቢነሣ እንኳ ሰነዶቹን ወደ ፍላሽ ሳይገለብጡ ቼክ ዲስክን ወይም ማንኛውንም የጥገና ፕሮግራም እንዳያስኬዱ፤ የደከመ ዲስክ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ከባድ ንባብ ሲበዛበት ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ወዲያው አጥፍተው መረጃ ማውጣት ወደሚችል ሰው ይውሰዱት። ዊንዶውስ ካልተነሣና ዲስኩ ግን ከታየ፣ ኡቡንቱ የተባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሲስተም በፍላሽ አዘጋጅቶ ሳይጭኑ መሞከር በሚለው ምርጫ መክፈትና ሰነዶቹን ከዚያ መገልበጥ ይቻላል።

ሌላው፣ መብራት እንደመጣ ወዲያው ቻርጀሩን አይሰኩ። ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላልና እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል፤ እኛ ሁለት ቻርጀር ካቃጠልን በኋላ ነው ይህን የለመድነው። ማታ ማታ በመስኮት ብርሃኑን ተከትላ የምትገባው የሐይቅ ትንኝም ፋን ውስጥ ትሞላለች፤ ክዳኑ ለባትሪው ሲከፈት አብሮ ይጠረግ።

የሽምብጧ መምህርት፦

ተነሣ! ሴኪዩር ቡትን አጥፍቼ ወደ ሌጋሲ ስቀይረው በመጀመሪያው ሙከራ ዊንዶውስ ገባ፤ ሳታ የሚለውን መንካት አላስፈለገም። ሌላ ሥራ ሳልጀምር ውጤቱንና ምዕራፎቹን በሁለት ፍላሽ ገልብጫለሁ፤ አንዱን ለእናቴ ሰጥቻታለሁ። የሚገርመው፣ ዛሬ ጠዋት መብራት ለሦስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ሲመለስ ያው መልእክት እንደገና መጣ፤ እኔም ያለ ማንም እርዳታ በአምስት ደቂቃ መለስኩት። ባትሪዋን ግን የት አገኛለሁ? ራሴስ ልቀይራት እችላለሁ?

የድሮ ጠጋኝ፦

እንኳን ደስ አለዎት። ዛሬ ጠዋት የሆነው ጥፋቱ የባትሪዋ መሆኑን ከማንኛውም መለኪያ በላይ ያረጋግጣል። የምትፈለገው በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት፤ ቁጥሯ በጀርባዋ ስለሚጻፍ አሮጌዋን አውጥቶ ማየት ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ራቁቷን ትገባለች፤ በብዙ ላፕቶፖች ግን በፕላስቲክ ተጠቅልላ ቀይና ጥቁር ሽቦ ከትንሽ መሰኪያ ጋር ስላላት፣ አሮጌዋን ይዘው የኮምፒውተር መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ሄደው ከነሽቦዋ ይጠይቁ። መሰኪያው ቢመሳሰልም የቀዩና የጥቁሩ ቦታ ከአሮጌዋ ጋር አንድ መሆኑን ያስተያዩ። ሽቦውን በአዲስ ባትሪ ላይ በካውያ እንበይደው የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይፍቀዱ፤ ሙቀቱ ባትሪዋን ሊያፈነዳት ይችላል።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም፦ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ቀሪውን ኃይል ያስጨርሱ፣ ክዳኑን ይፍቱ፣ መሰኪያውን ከሽቦው ሳይሆን ከራሱ ይዘው ያውጡ። ከዚያ በኋላ ባዮስ ገብተው ሌጋሲውንና ቀኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካክላሉ። ያበጠውን ዋና ባትሪ መልሰው እንዳያስገቡት፣ አይብሱትም፤ እስኪያስወግዱት ድረስ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። አሮጌዋን ትንሿን ባትሪ ደግሞ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ጠረጴዛ ላይ ጥለዋት እንዳይሄዱ፤ ብትዋጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ታቃጥላለች።