ጠጥቶ የገደለ አሽከርካሪ በየትኛው ንዑስ አንቀጽ ይከሰሳል?

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ባሕር ዳር ውስጥ ከአባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ በብስክሌት ሲሄድ፣ ከሰርግ የሚመለስ የቤት መኪና ከኋላ ገጭቶት ሕይወቱ አልፏል። በቦታው የደረሱ ሰዎች አሽከርካሪው ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተው እንደነበርና አረቄ አረቄ ይሸት እንደነበር ተናግረዋል፤ ደሙ የተመረመረው ግን በማግስቱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስለሆነ ምንም አልተገኘበትም። መዝገቡ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 እንደሚቀርብ ሰምተናል፤ ሰውየውም በዋስ ወጥቷል። በዚህ ላይ ሽማግሌዎች የእርቅ ወረቀት ይዘው ሦስት ጊዜ ቤታችን መጥተዋል። እናቴ ከደጅ የብስክሌት ደወል በሰማች ቁጥር ዛሬም ብድግ ትላለች። ብንፈርም ክሱ ይቀራል? ንዑስ አንቀጹስ ሊቀየር ይችላል?

ጠበቃው፦
እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ንዑስ አንቀጽ 2 አሽከርካሪን የመሰለ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለን፣ ግልጽ ደንብ የጣሰን፣ ወይም በአልኮል ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያስገባን ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ልዩነቱ በዓመት ብቻ አያበቃም፤ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት በሚያስቀጣና ሰው በሞተበት ክስ ዋስትና አይፈቀድም። ስለዚህ ክሱ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ምስክሮቹን ዘርዝራችሁ ክሱ በንዑስ አንቀጽ 3 እንዲቀርብ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክቱ።

እርቁን በተመለከተ፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል ስላልሆነ ፊርማችሁ ክሱን አያስቀረውም። ሆኖም ተከሳሹ ጸጽቶ መካሱ በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል፤ ሽማግሌ የሚመላለሰውም ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው።

ጡረተኛ የትራፊክ መርማሪ፦
ልጄ፣ በዚህ ሥራ የቆየሁበትን ዘመን ሁሉ ያንገበገበኝ የምርመራው መዘግየት ነው። አልኮል ከደም ውስጥ በሰዓት በአማካይ በሊትር 0.15 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ 1.5 ግራም የነበረበት ሰው በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የረፋዱ ውጤት ሰውየው ማታ አለመጠጣቱን አያሳይም፤ ይህንንም ባለሙያ ቀርቦ ለፍርድ ቤቱ ሊያስረዳ ይገባል። በሰርጉ ላይ አብረውት የተቀመጡትን፣ የቀዱለትን፣ ከመኪናው ያወጡትን ሰዎች ፈልጉ። የአደጋውን ፕላን ደግሞ አይታችሁ የፍሬን ምልክት ስለመኖሩ አረጋግጡ፤ ፍሬን ሳይነካ የገጨ ሰው መንገዱን አያይም ነበር ሊያሰኝ ይችላል።

የመራዊ ከተማ ነዋሪ፦
እኛ የአባታችንን ጉዳይ በእርቅ ጨርሰናል፤ በመታረቃችን አልጸጸትም፤ በመንደር አብሮ መኖር አለና። የምጸጸተው ወረቀቱን ሳላነብ በመፈረሜ ነው። «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል መስመር ነበረበት፤ ታናናሾቼ የተቋረጠባቸውን መተዳደሪያ ልንጠይቅ ስንሄድ ያንን ወረቀት አወጡብን።

ጠበቃው፦
ወንድማችን ያነሡት ቁልፍ ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ራሱ ባይነዳ እንኳ ኃላፊ ነው፤ በአንቀጽ 2095 ደግሞ የሟች ባለቤት፣ ልጆችና ወላጆች ቀለብ የሚተካ ካሳ ይጠይቃሉ። እኅት በዚህ ውስጥ ስለማትካተት ጥያቄውን ወንድምዎ ሚስትና ልጆች ካሉት ሚስቱ ለራሷና ለልጆቹ፣ እናትዎም ለራሳቸው ያቅርቡ። የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ በሁለት ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ አትዘግዩ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ፤ በክብር ተቀብለን ወረቀቱን ጠበቃ ሳያነበው እንደማንፈርም እንነግራቸዋለን። ከመኪናው ካወጡት ሁለቱ ቃላቸውን ለመስጠት ፈቅደዋል፤ ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ።